የመንዝን መንደር ከቶኪዮ ጋር ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሰኑን ሳይለዩ መጀመር። ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደው ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ አንድ የገጠር ቀበሌ ብዙ ጎጦች አሉት፤ የቀበሌውን ሕዝብ ለአንድ ጎጥ መስጠት መንደሩን ያለ ልኩ ያሳብጠዋል። ቶኪዮም እንደዚሁ ናት፦ 23ቱ ልዩ ወረዳዎች ብቻ 9.7 ሚሊዮን ገደማ፣ አስተዳደሩ በሙሉ 14 ሚሊዮን ገደማ፣ ዙሪያዋን የተያያዟት ከተሞች ሲጨመሩ 37 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖርባታል። የትኛውን እንደወሰዱ ከመነሻው ይጻፉ።

ዓመተ ምሕረት ማደባለቅ። የእኛ የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ በፈረንጆቹ 2007 ነው። የጃፓን የ2020 ቆጠራ ደግሞ በእኛ መስከረም 2013 ላይ ይውላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው 13 ዓመት ዘሏል።

በሰዓት መሳሳት። መንዝ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን የቶኪዮም ሰዓት 2 ይላል፤ እዚያ ግን ከቀትር በኋላ ነው። ቁጥሩ ስለገጠመ አይታለሉ፣ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው።

ገቢን በብር ብቻ መለካት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበሬ 8 ኩንታል ገብስ አገባ እንበል፤ 1 ለዘር፣ 5 ለቤት፣ 2 ለገበያ። የሸጠውን ብቻ የቆጠረ ሰው ከምርቱ ሩቡን ብቻ አየ ማለት ነው። ቤት የቀረውን በዚያው ሰሞን የገበያ ዋጋ ያስሉት። የቶኪዮው ደመወዝተኛ ግን እህሉንም ኪራዩንም ከደመወዙ ይከፍላል። የመንዝ ቤት ኪራይ ባይኖረውም ወጪ አለው፦ ጣሪያው ጓሳ ሣር ይፈልጋል፣ ለክዳኑ የመጣው ደቦ ጠላና እንጀራ ይቀርብለታል፤ ወንፈል ከሆነ ደግሞ የሥራ ቀኑ በሥራ ቀን ይመለሳል።

የአየር ጠባይን በአማካይ ማለፍ። የመንዝን ገብስ የሚያቃጥለው የሌሊት ውርጭ ነው፤ አማካዩ ውስጥ ይጠፋል። የሌሊቱንና የቀኑን ለየብቻ ይመዝግቡ።

ውኃን በማይገጥም መስፈሪያ ማነጻጸር። ቶኪዮ ቆጣሪው የሚነበበው በሜትር ኩብ፣ በየ2 ወሩ ነው፤ 1 ሜትር ኩብ ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ይሆናል። አምስት ሰው ያለው ቤት በቀን 4 ጀሪካን ካስቀዳ ለአንድ ሰው 16 ሊትር ይደርሳል። ወንዝ ወርዶ የሚታጠበው ልብስና ከብቶቹ የሚጠጡት ግን በጀሪካን አልገቡም፤ ለብቻ ይጠይቁ። ወረፋውንና መንገዱንም በደቂቃ ይያዙ፣ አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ ምንጩ በሚደክምበት በበጋ።