የስዊድን ገና በአንድ የሙዝ ካርቶን

ስቶክሆልም የገባሁት በ2011 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር፣ ዲሴምበር ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ማታ ከአውቶቡስ ወርጄ ቀና ስል በየመስኮቱ ሰባት ሰባት መብራት ያለው መቅረዝ ይበራል። የሙሴ መቅረዝ ነው የመሰለኝ። «ሰፈሩ በሙሉ ቤተ እስራኤል ነው እንዴ?» አልኩት ባለቤቴን። እስከ ዛሬ ገና በመጣ ቁጥር ያነሳብኛል።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩ ገባኝ። ፀሐይ የወጣችው በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ተመልሳ ጠለቀች። በእንዲህ ያለ አገር መስኮት ላይ መብራት ማስቀመጥ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በጨለማ ከሥራ ለሚመለስ ሰው «እዚህ ሰው አለ» ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ግን እንደ ልማዴ ነው ያከበርኩት። ብልጭ ድርግም የሚል ባለቀለም አምፖል፣ ወርቃማ ብልጭልጭ፣ ግድግዳው ላይ «መልካም ገና» የሚል ወረቀት። ሁለት ክፍል ቤታችን የምሽት ክበብ መሰለ። ቤት ማሳመር የተማርኩት በኋላ ነው፣ በሥራዬ በኩል። የምሠራው ሄምቸንስት ውስጥ ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድን እንረዳለን። ከማግዛቸው አንዷ የ88 ዓመት ሴት ነበሩ። እዚህ ትልቅ ሰውም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ግን በልቤ እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። የእሳቸው የገና ጌጥ በሙሉ የሚገባው አንድ የሙዝ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ከሞላ አዲስ ነገር አይገዛም፣ አለቀ። ስዊድኖች «ላጎም» የሚሉት ቃል አላቸው፤ በልክ ማለት ነው። እኔ ላጎምን የተረዳሁት ከዚያ ካርቶን ነው።

ስለዚህ ቤታችሁን እንደ ስዊድኖች ለገና ማሳመር ካሰባችሁ ከዚህ ጀምሩ። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ባዶ የሙዝ ካርቶን ከሱቅ ለምናችሁ አምጡ።

ቀጥሎ ማንሳት ነው። መጨመር አይደለም፣ ማንሳት። የመስኮቱን ደፍ ባዶ አድርጉት። የፕላስቲክ አበባው፣ የፎቶ ክፈፎቹ፣ ባዶ የሽቶ ጠርሙሱ፣ ሁሉም ለስድስት ሳምንት ቁም ሳጥን ይግባ። እኔን ያስቸገረኝ ዳንቴሉ ነበር። እናቴ የሠራችው ዳንቴል ቴሌቪዥኑ ላይ አለ፣ ሶፋው ላይ አለ፣ ፍሪጁ ላይ ሳይቀር አለ። አጥቤ አጣጥፌ አስቀመጥኩትና አንዱን ነጭ ብቻ አስቀረሁ። የሚገርመው፣ ዘጠኙ አብረው ሳሉ ያላየሁትን የእጅ ሥራ ያየሁት አንዱ ብቻውን ሲቀር ነው። ሥዕለ አድኅኖው ከቦታው አይነሳም። ረከቦቱም አይነሳም። ይህን ከማንም ጋር አልደራደርም።

አሁን መስኮቱ። ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት፣ ሌላው ቢቀርም ግድ የለም። ስዊድኖች መብራቱን የሚያወጡት በመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ ነው፤ ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች የመጀመሪያው። ለእኛ ደግሞ የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ ገደማ ይውላል። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ያ ሰባት መብራት ያለው ኤሌክትሪክ መቅረዝ ነው። እዚህ አገር የተጀመረው በ1930ዎቹ ነው፤ ዮተቦሪ ከተማ አንድ የፊሊፕስ ሠራተኛ የዛፍ መብራት በእንጨት መቅረዝ ላይ ገጥሞ ሠራው ይባላል። ሁለተኛው የወረቀት ኮከብ ነው፤ ሥሩ ጀርመን፣ የኸርንሁት ኮከብ የሚሉት ነው። ለአንድ መስኮት አንዱ ይበቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሱቅ መስኮት ነው ያሳመረው።

ኮከቡን ከደፉ ወደ ላይ፣ በመስኮቱ መሐል ስቀሉት። ውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው ከመስታወቱ መሐል መዋል አለበት። ስለዚህ ከሰቀላችሁ በኋላ ጫማችሁን አድርጉና ወጥታችሁ ከታች እዩት። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ሁለት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ አስተካክያለሁ። አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ2200 እስከ 2700 ኬልቪን የሚል ከሆነ የሻማ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። 4000 የሚለው የሆስፒታል ኮሪደር ነው፣ አትሳሳቱ። ገመዱን በመጋረጃው ጠርዝ አውርዱት። ሶኬቱ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ግጠሙ። የእኔ በዘጠኝ ሰዓት ይበራል፣ ማታ በአምስት ይጠፋል። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ቀድሞኝ በርቶ ይጠብቀኛል።

ጠረጴዛው ላይ አራት ነጭ ሻማ። በመጀመሪያው እሑድ አንዱ ይበራል፣ በሁለተኛው ሁለቱ፣ እያለ ይቀጥላል። በአራተኛው እሑድ ሻማዎቹ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ይህን ደረጃ ማንም አልነደፈውም፣ ጊዜው ራሱ ነው የሠራው፤ ለእኔ ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ግን እሳት ነውና ልንገራችሁ። ስዊድኖች በሻማዎቹ ዙሪያ ነጭ የድንጋይ ሽበት የሚመስል ነገር ይጎዘጉዛሉ። እኔም እንደነሱ አደረግሁ። በሦስተኛው እሑድ ጉዝጓዙ ደርቆ ኖሮ፣ ሻማው ዝቅ ሲል ያዘው። ቡና እየቆላሁ ስለነበር ጭሱን የቡና ነው ብዬ ተውኩት። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህም «እንደ ሁልጊዜው ቡናው ነው» አልኩ። ባለቤቴ ሳህኑን ይዞ ወደ ኩሽና ሲሮጥ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ በብረት ትሪ ላይ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር ነው የማደርገው። ጠጠሩን ልጄ ከሐይቁ ዳር ትለቅመዋለች፤ አይቃጠልም፣ ዋጋም የለውም።

ስለ ቀለም ብዙ አላወራም። ኢንተርኔት ላይ «ስካንዲኔቪያን» ተብሎ የሚታየው ሁሉ ነጭና ግራጫ ነው። እኔ በሥራዬ የምገባባቸው ቤቶች ግን ቀይ አላቸው። ቀይ ሪባን፣ ቀይ ፖም፣ ሊንጎን የሚሉት ቀይ የጫካ ፍሬ ቅርንጫፍ። ነጭ፣ የእንጨት ቀለም፣ አረንጓዴ፣ እና ትንሽ ቀይ። ወርቃማውን ለሠርግ ተዉት።

ዛፍ ላይ ተሞኝቻለሁ። በመጀመሪያ የገዛሁት «ሮድግራን» የሚሉትን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሽታውም ጫካ ጫካ ይላል። ከማሞቂያው አጠገብ አቆምኩት። የእነሱ ገና እስኪደርስ ደህና ነበር። የእኛ ገና ሲደርስ መርፌው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ነበር፣ ዛፉ የዓሣ አጥንት ሆኖ ቀረ። ዛፍ የምትፈልጉ ከሆነ «ኩንግስግራን» የሚባለውን ግዙ፤ ይወደዳል፣ ግን መርፌውን ቶሎ አይጥልም። ከግንዱ ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አስቆርጡና ወዲያው ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ በየቀኑም ውኃውን እዩ። ከማሞቂያ አርቁት። እኔ አሁን ዛፍ አልገዛም። ሻጩ ከግንዱ ሥር የሚቆርጣቸውን ቅርንጫፎች እለምነዋለሁ፣ ይሰጠኛል። ሦስቱን ረጅም የመስታወት ማስቀመጫ ውስጥ አቆማለሁ። አንዷ ላይ አራት የገለባ ኮከብ ይንጠለጠላል። በቃ።

ገለባው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሐበሻ የሚቀርበው እሱ ነው። ድሮ የስዊድን ገበሬ ለገና ወለሉ ላይ ገለባ ይጎዘጉዝ ነበር። ይህን ያጫወቱኝ እትዬ ናቸው፤ እሳቸው ከአያታቸው ሰምተው። እኔም ስለ ቄጠማ ነገርኳቸው። ስልኬን አውጥቼ እናቴ ቤት በዓል ቀን ወለሉ ምን እንደሚመስል አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። የገለባ ፍየሉም ከዚሁ ከገለባው ዘመን የመጣ ነው፤ በቀይ ሪባን ታስሮ ዛፉ ሥር የሚቆመው። ዬቭሌ የምትባል ከተማ ከ1966 ጀምሮ 13 ሜትር የሚሆን የገለባ ፍየል አደባባይ ላይ ታቆማለች፤ ስንት ጊዜ በእሳት እንደነደደ የከተማው ሰው ቆጥሮ ያውቃል። እናንተ አንድ ትንሽ ፍየል ይበቃችኋል፣ ከሻማው ራቅ አድርጋችሁ።

በእጅ መሥራት ለምትወዱ ሂሜሊ አለ፤ ከገለባ ተሠርቶ ከጣሪያ የሚሰቀል ጌጥ። የፊንላንድ ነው፤ ስሙ ግን ሰማይ ከሚለው የስዊድን ቃል የተወሰደ ነው። የገለባ አገዳ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፤ አለዚያ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ 12 እኩል ቁራጭ ቁረጡ። በረጅም መርፌ ክር አሳልፋችሁ አራቱን በካሬ እሰሩ። ከካሬው ማዕዘኖች አራቱን ወደ ላይ አውጡና ጫፋቸውን አንድ ላይ ቋጥሩ። የቀሩትን አራቱን ወደ ታች እንደዚሁ። እስኪቋጠር ድረስ ይወለጋገዳል፣ ተስፋ አትቁረጡ። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲጠብቅ ድንገት ቀጥ ይላል። በቀጭን ክር ከጣሪያ ላይ ስቀሉት፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀስ ብሎ ይዞራል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በቪዲዮ አይታ ልትሠራ ብላ አገዳው አስቸገራት። ተወችውና በስንደዶ ኮከብ ሠራች፤ ስድስት ስድስት ስንደዶ መሐሉን በቀይ ክር አስራ እንደ ጨረር ዘረጋችው። ከእኔ ይበልጣል። ፕላስቲክ ዛፍ ለመግዛት ወጥታ የነበረችው እሷ ነች።

ለሽታ ብርቱካንና ቅርንፉድ። ቅርንፉዱን እናቴ ነች የምትልክልኝ። ልጣጩን በጥርስ መፋቂያ እየበሳችሁ ሰኩት፣ አለዚያ ጣታችሁ ያማችኋል። ሦስት ብርቱካን በእንጨት ሳህን። ሻጋታ እንዳይዘው ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ አልፎ አልፎም አገላብጡት። ሌላው ነጭ ሃያሲንት ነው። አበባው ሳይፈነዳ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ግዙት። ማታ ማታ ቀዝቃዛ ቦታ ቢያድር ይሰነብታል። የእኔ የሚቀመጠው እናቴ ዳንቴል ላይ ነው። ሽታው ግን ኃይለኛ ነው፣ መኝታ ቤት አታስገቡት።

የዚህ አገር ሰው ጌጡን የሚያወርደው ጃንዋሪ 13፣ የክኑት ቀን ነው። የእኛ ገና ደግሞ ጃንዋሪ 7 ይውላል። ስለዚህ ሁለቱም በዓል በአንድ ጌጥ ይከበራል፣ ማንም «ገና አላነሳችሁም?» አይለንም። ለታኅሣሥ 29 የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እዚህ ድሮ በበዓል ከደጃፍ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ያነጥፉ ነበር፣ ለእግር መጥረጊያ። እኔም ቄጠማ ስለማላገኝ የተረፈኝን ቅርንጫፍ በሬ ላይ አነጥፋለሁ። ሳሎን ውስጥ ሞክሬው ነበር፤ ሙጫው ካልሲ ላይ ይጣበቃል።

በክኑት ቀን ሁሉም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ኮከቡ ተጣጥፎ ከታች፣ ሂሜሊው ከላይ በወረቀት ተጠቅልሎ። የመቅረዙን ትርፍ አምፖል በማጣበቂያ ፕላስተር እግሩ ሥር ለጥፉት። የድሮዎቹ መቅረዞች አንዱ አምፖል ሲቃጠል ሰባቱም ይጠፋሉ፣ እና አምናም ያቺን አምፖል ፍለጋ የመጀመሪያውን እሑድ በጨለማ ነው ያሳለፍኩት።