ኤምአርአይ መነሣት ለሚያስፈራው ሰው

ሐኪም ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ኃይል የሚያሳይ የምስል ምርመራ፣ ሲያዝ ብዙ ሰው ሁለት ፍርሃት ደርቦ ይዞ ከክፍሉ ይወጣል። አንዱ ጠባብ ማሽን ውስጥ ገብቶ የመቆየት ፍርሃት ሲሆን ሌላው ምርመራው የሚያሳየውን ነገር መፍራት ነው። የመጀመሪያው በዝግጅት በእጅጉ ሊቀንስ ስለሚችል ሁለቱን ለያይቶ ማየት ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድመው ፍርሃትዎን ይናገሩ። በእኛ ዘንድ በተለይ ትልቅ ሰው «እፈራለሁ» ማለት ነውር ስለሚመስለው ዝም ብሎ ይገባና ምርመራው ሲጋመስ «አውጡኝ» ይላል። መናገር የሚያስፈልገው ደግሞ ልብስ ቀይረው ተራ ሲጠብቁ ሳይሆን ቀጠሮ ሲያስይዙ ነው። ቀደም ብሎ የተነገረው ሐኪም የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝልዎ፣ ሰፋ ያለ ማሽን ወዳለበት ተቋም ሊልክዎ ወይም ሌላ ምርመራ ይተካው እንደሆነ ሊያስብበት ይችላል፤ በዕለቱ ቢነግሩት ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ አይኖርም። የሚያረጋጋ መድኃኒት ከወሰዱ መኪና መንዳት ስለማይገባዎ ወደ ቤት የሚመልስዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ማሽኑ በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ቱቦ ሲሆን የቀዳዳው ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም፤ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ሰውን የሚያስደነግጠው ከጥበቱ ይልቅ ድምፁ ነው ብል አላጋነንኩም። ማሽኑ ውስጥ ባሉት የሽቦ ጥቅልሎች ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲመላለስ ሽቦዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በዚህም ምክንያት አንዴ እንደ መዶሻ የሚደበድብ፣ አንዴ ደግሞ የሚያንቧርቅ ድምፅ ይሰማል። በመካከሉ ድንገት ዝም ሲል ማሽኑ ተበላሸ ወይም ባለሙያው ትቶኝ ሄደ ብለው አይስጉ፤ ቀጣዩ ዙር እየተዘጋጀ ነው። ጠቅላላው ምርመራ እንደሚታየው የሰውነት ክፍል ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ቢችልም እያንዳንዱ ዙር የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ባለሙያውን «በየዙሩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይንገሩኝ» ብለው ይጠይቁ፤ መጨረሻው የታወቀ ሦስት ደቂቃ መጨረሻው ካልታወቀ ሠላሳ ደቂቃ እጅግ ይቀላል።

ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ቤትዎ ውስጥ በጀርባዎ ተኝተው፣ ዓይንዎን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሳይንቀሳቀሱ መቆየትን ይለማመዱ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። በምርመራው ዕለትም አልጋው ወደ ውስጥ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይንዎን ይጨፍኑና እስኪወጡ አይግለጡ። ጸሎት ወይም ዚክር የሚያረጋጋዎ ከሆነ በልብዎ ያድርሱ፤ ራስ ወይም አንገት በሚነሣበት ጊዜ ከንፈር ማንቀሳቀስ እንኳ ምስሉን ሊያደበዝዝ ይችላል። በእጅዎ የሚሰጥዎትን የጎማ መጥሪያ ከመግባትዎ በፊት አንድ ጊዜ ጨምቀው ይሞክሩት። ባለሙያው በመስታወቱ በኩል እንደሚያይዎና ሲጠሩት እንደሚመልስልዎ በራስዎ ማረጋገጥዎ ከማንኛውም ማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

ብረትን በተመለከተ ምንም ነገር አይደብቁ። በልብ ላይ የተተከለ የምት መቆጣጠሪያ፣ በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት፣ ሉፕ (በማሕፀን የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ)፣ በተለይም በጦርነት የቆሰለ ሰው ሰውነት ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አስቀድሞ መነገር አለበት። የማተብ መስቀል፣ የፀጉር ጌጥና የብረት ክር ያለበት ጥልፍ ቤት ቢቀሩ ይሻላል። የአንገት ወይም የድድ ንቅሳት ያላቸው እናቶችም ይናገሩ፤ አልፎ አልፎ በቦታው ላይ ሙቀት ሊሰማ ስለሚችል ወዲያው መጥሪያውን መጭመቅ እንዳለባቸው ይወቁ። ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ከታዘዘልዎ የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝና ወይም አለርጂ ካለብዎ ያሳውቁ።

ውጤት መጠበቅ የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ነው። ምርመራውን ያነሣው ባለሙያ ምንም ሳይነግርዎ ቢያሰናብትዎ ከፊቱ ላይ ክፉ ወሬ ለማንበብ አይሞክሩ፤ ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚያስረዳዎ ይጠይቁ። በአገራችን ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለታካሚው በእጁ ይሰጣል፤ በአሜሪካ ደግሞ ሐኪሙ ሳያነጋግርዎ በፊት በስልክዎ ሊደርስ ይችላል። ሌሊት ብቻዎን ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል በኢንተርኔት ከመፈለግ ይቆጠቡ፤ ለምሳሌ ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች የወገብ ምስል እንኳ በዕድሜ የሚመጡ ለውጦችን ዘወትር ያሳያል፤ በወረቀት ላይ ሲነበቡ ግን ያስፈራሉ። ጥያቄዎችዎን በወረቀት ጽፈው፣ የሚያምኑትን አንድ ዘመድ አስከትለው ወደ ሐኪምዎ ይግቡ፤ በውጭ አገር ከሆኑና ቋንቋው ካስቸገረዎ ልጅዎን ከማስተርጎም ይልቅ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብልዎ ቀጠሮ ሲያስይዙ ይጠይቁ።