ጆሮ በድንገት ሲደነቁር ቀን የሚያስበሉ ስህተቶች

ማታ ደህና የነበረ ጆሮ ጠዋት ተደፍኖ ይገኛል፤ ወይም ስልክ ሲያነሡ በአንዱ በኩል ድምፅ የለም። አንዳንዴም ጩኸትና ማዞር ይከተላል። በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲህ የሚደርስ የውስጠኛው ጆሮ ወይም የመስሚያ ነርቭ ጉዳት አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። የሚያሳዝነው ሕመም ስለሌለው ማንም አይደነግጥለትም።

ነፋስና አቧራን መክሰስ። አዳማ ላይ ይህ ክስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። «ነፋስ መትቶህ ነው»፣ «ኩክ ሞልቶብህ ነው» ይባልና የሞቀ ዘይት ይንጠባጠባል። እውነት ነው፣ ኩክም ጆሮ ይደፍናል፤ ነገር ግን ሐኪም ጆሮውን በመሣሪያ አይቶ ወዲያው ይለየዋል። እስከዚያው አፍዎን ዘግተው ያንጎራጉሩ። ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ካደላ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ደህናው ካደላ ግን ነርቭ ይጠረጠራል። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራን አይተካም።

በአሞክሳሲሊን አንድ ሳምንት መቆየት። ፀረ ባክቴሪያ ለዚህ ሕመም አይሠራም።

የአዲስ አበባን ቀጠሮ መጠበቅ። ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል፣ ጥንቃቄ መስሎ ስለሚታይ። «ኤምአርአይ ሳልነሣ መድኃኒት አልጀምርም» የሚል ሰው ብልህ ይመስላል። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳየው ምርመራ) በነርቩ ላይ ዕጢ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለው ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ግን እሱን አይጠብቅም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው መመሪያ ስቴሮይድ በ2 ሳምንት ውስጥ ሊሰጥ እንደሚችል ይገልጻል። ቀኑ የሚቆጠረው ካርድ ካወጡበት ዕለት አይደለም፣ ጆሮው መስማት ካቆመበት ዕለት ነው። ስለዚህ እዚያው አዳማ ከአንገት በላይ ሐኪም ወይም ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፣ «ጆሮዬ በዚህ ቀን መስማት አቆመ» ብለው ቀኑን ይናገሩ።

ስቴሮይድ ተአምር አይሠራም፤ ማስረጃውም የተመኘነውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ያለ መድኃኒት የሚሻላቸውም ብዙ ናቸው። ማን እንደሚሻለው ግን አስቀድሞ አይታወቅም፣ ያለፈውን ቀን ደግሞ የሚመልስ የለም።

ከፋርማሲ በግምት ገዝቶ መዋጥ። የተለመደው የፕሬድኒሶሎን (የሚዋጠው ስቴሮይድ) መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊግራም ሆኖ በቀን ከ60 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ተወስዶ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ከአስም ሕመምተኛ ዘመድ የተረፉ ሁለት ፍሬዎች ቀን ከማባከን በቀር አይረዱም። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የሳንባ ነቀርሳ ካለብዎት ለሐኪሙ መደበቅ አደገኛ ነው፣ ስቴሮይድ ሁሉንም ሊያባብስ ይችላልና።

«ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አበቃ» ማለት። አላበቃም። በቂ ለውጥ ካልታየ መድኃኒቱ በጆሮ ታምቡር በኩል በመርፌ ይሰጣል፤ ለዚህ የሚመከረው ጊዜ ጆሮው መስማት ካቆመ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ሕክምናው ሲያልቅ መስማትዎን ያስለኩ፣ በ6 ወር ውስጥም ይድገሙት፤ ጆሮው ካልተመለሰ የመስሚያ መሣሪያ የሚመረጠው በዚሁ ልኬት ነው።