ቤት የተሠራች የውድድር ላዳ፤ ምን ስትል ምን እናድርግላት?

ሱሉልታ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ሥር የምትቆመው ላዳ ድሮ ታክሲ ነበረች። አባባ ዓመታት የነዷት ናቸው፤ እኔ ደግሞ ወንበሯን ነቅዬ፣ ሞላዋን ቆርጬ ለውድድር ላዘጋጃት የተነሣሁ ልጃቸው ነኝ። አብረን ስንሠራ የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ነው፤ እኔ ዕቃ መቀየር እወዳለሁ፣ እሳቸው መኪናዋ የምትለውን መጀመሪያ መስማት ይወዳሉ። ከዚህ በታች ያለው በእሳቸው መንገድ የተጻፈ ነው። ፊያት 124 ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ ላዳ የተቀዳችው ከእሷ ነው።

ቤንዚን ሲሰጧት ትታፈናለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች

ካርቡራቶሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ አስቡ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛባታል።

ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፍቱና እዩት። ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ፒስተንና ቫልቭ ጋ ሂዱ። ነጣ ካለ ቤንዚን አንሷታል። የምንፈልገው የቡና አተላ ሳይሆን የማኪያቶ መልክ ነው። መፍትሔው ጂግለሩን፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለቀዳዳ ዕቃ፣ በጠባብ መቀየር ነው። ጂግለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 135 ማለት 1.35 ሚሊ ሜትር። ወደ 130 ውረዱ፣ ንዱ፣ ካንዴላውን እንደገና እዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ።

እኛ ግን ሦስት ጊዜ ቀንሰን ጭሱ አልጠፋ አለ። ለካ ያገለገለ ሆኖ የገዛነው ጂግለር 130 ይበል እንጂ ቀዳዳውን አንድ ሰው በሽቦ ጎርጉሮ አስፍቶታል። ጂግለር በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይነካም። ከፍታው የወሰደውን ጉልበት ደግሞ የትኛውም ጂግለር አይመልሰውም፤ ቱርቦ ከሌላት ከዚያ ጋር መኖር ነው።

ካንዴላው መልኩ ጥሩ ሆኖ እሷ ግን የምትቆራረጥ ከሆነ ፑንቲናውን፣ ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠውን፣ ለኩ፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት።

ቶሎ ትፈላለች

እማማ ሱሉልታ ከገባን ወዲህ ባቄላው አልበስል አለኝ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ልክ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይሞቅ ውኃው ይፈላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክዳኑን ቀይሩ፤ ርካሽ ነው። ቀጥሎ የውኃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ መላላቱን እዩ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሡ ውኃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚያሽገው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል። በትኩሱ ክዳን መክፈት የሚባል ነገር የለም።

ፍሬን ስትይዙ ኋላዋ ሊቀድማችሁ ይፈልጋል

ይኼ በጣም ያስፈራኝ ነው። ሞላውን በግራይንደር ቆርጬ መኪናዋ ዝቅ ብላ ስታምር ፎቶ አነሣኋት። ከቤታችን ጀርባ ባለው ክፍት ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ፍሬን ዞራ ወደ መጣችበት አየች። አባባ እየሣቁ አልነበረም። «ሞላውን ስትቆርጪ ፍሬኑን ጠየቅሽው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላዳ ከኋላ ወለሏ ሥር የኋላውን ፍሬን ግፊት የምትመጥን ዕቃ አላት፤ በዘንግ ከአክስሉ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ ጋር ተያይዛለች። ሰው ሲጫን የመኪናው አካል ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ዕቃዋም «ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን ደግሞ ትቀንሳለች። እኔ ሞላውን ሳሳጥር አካሉ ለዘለቄታው ወረደ። ዕቃዋ ሦስት ተሳፋሪ ከነሻንጣቸው የተቀመጡ መስሏት ሙሉ ግፊት ትልካለች፤ እኔ ደግሞ የኋላ ወንበሩን አውጥቼ ኋላውን ላባ አድርጌዋለሁ። ቀላል ኋላ ከከባድ ፍሬን ጋር ሲገናኝ ጎማው መሽከርከር አቁሞ ይያዛል፣ የተያዘ የኋላ ጎማ ደግሞ መኪና ያዞራል።

ነቅዬ ልጣላትና ቱቦውን በቀጥታ ላገናኘው ብዬ ነበር። አታድርጉት፤ ያን ጊዜ ግፊቱን የሚቀንስ ጨርሶ አይኖርም። መፍትሔው የያዟትን ቡሎኖች አላልቶ ዘንጉ ቀለል ብሎ እንዲነካት ማዞር ነው። ከዚያ ደረቅ መሬት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሌላ ሰው በጎን ራቅ ብሎ ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚያዝ ይይ። የፊቱ መቅደም አለበት። እኛ አራት ጊዜ አስተካከልን። የጎጃም መንገድ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ከኋላችሁ የሚመጣው ሲኖትራክ ሙከራ ላይ መሆናችሁን አያውቅም።

የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል

ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል። ከፍሬን ፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። አንድ ሰው ይረግጣል፣ አንድ ሰው ከሥር ይከፍታል። «አባባ ይርገጡ!» «ረግጫለሁ!» እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ «አሁን ይልቀቁ!» ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩን መልሶ ይስባል። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን የኋላ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ስንሠራ ፈሳሹ አልወርድ አለን። ያቺው ግፊት መጣኝ ናት፤ አክስሉ ሲንጠለጠል ባዶ ነኝ ብላ መንገዱን ታጠባለች። የኋላ ጎማዎቹን መሬት አስነኩና ይወርዳል።

ጠዋት ጠንካራ ሆኖ ከብዙ ዙር በኋላ ብቻ ከሰመጠ ግን ፈሳሹ አርጅቶ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ የሚችለው፣ ውኃ ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ።

ብየዳው በመዶሻ ሲመታ ይላቀቃል

ላዩ ያምራል፣ ሥሩ ግን ብረቱን አልበላም። ምክንያቱን ለማወቅ ሰዓታችንን ማየት በቂ ነበር፤ የምንበይደው ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ነው። መብራቱ ይወርዳል፣ ቀጭኑ የኤክስቴንሽን ገመዳችን የቀረውን ይበላል። ወደ ጠዋት አዛወርነው፣ ወፍራም ገመድ ተዋስን፣ ክረምት እርጥበት የጠጣውን ኤሌክትሮድ ምድጃ አጠገብ አደረቅን። ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ70 እስከ 90 አምፔር ይበቃል። መኪናው ላይ ከመሄዳችሁ በፊት ቁራጭ በይዳችሁ በሞርሳ አጥፉት። የቤንዚን ታንከሩ ይውረድ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል።

መኪናዋ ብትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀውን የቱቦ ቅስት ግን እኔ አልበየድኩም፤ አባባም አልፈቀዱም። የበርና የመስኮት ቱቦላሬ ለዚህ አይሆንም። የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ለዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ወይም 50 በ2 የሆነ፣ ስፌት የሌለው ብረት ይጠይቃል። ለባለሙያ ስጡት።

ወደ አንድ ወገን ጥሩ ትታጠፋለች፣ ወደ ሌላው እምቢ

በሁለቱም ጎን ሲባጎ ወጥራችሁ እስከ እያንዳንዱ ጎማ ያለውን ርቀት ለኩ። የእኛ የኋላ አክስል ወደ ጎን ሸሽቶ ነበር። አክስሉን ከአካሉ ጋር የሚያስረው አግዳሚ ዘንግ መኪናዋ ዝቅ ስትል ማዕዘኑ ይቀየራል፣ አክስሉንም ወደ ጎን ይገፋዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ማስቀረጽ አለብን፤ እስከዚያው አባባ ሲባጎውን ከአጥሩ አልፈቱትም፣ እማማም ልብስ አስጥተውበታል።