ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ወገባችሁንም ለኩ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ልብስ እሰፋለሁ። ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የደንበኛ ወገብ ስለካ የራሴን አልለካሁም ነበር። አምና ስለካው 93 ሴንቲ ሆነ።

ቦርጭ፣ ግፊትና የደም ቅባት መብዛት፣ ለስኳራቸው ክኒን የሚውጡት ታማሚዎች ጉዳይ ይመስለናል። እኛንም ይይዘናል፤ ልብና ኩላሊት ይጎዳል። እነዚህ ሲደራረቡ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። ስኳሩ ቀድሞ ስላለብን፣ ወገብ ሰፍቶ ከሚከተሉት አንዱ ከተጨመረ ይበቃል፦ ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85 ሲደርስ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት 150 ሲሞላ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ለሴት ከ50 ለወንድ ከ40 ሲያንስ። በቀጠሯችሁ ቀን እነዚህን አስመርምሩ።

ሜትሩ የሚያርፈው ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ አይደለም። በጎናችሁ የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት ፈልጉ፤ ዝቅ ብላችሁ የዳሌውን አጥንት ጫፍ። መሀላቸው ላይ በባዶ ገላ አዙሩት፤ ሳታጠብቁ፣ ሆዳችሁን ሳታስገቡ፣ ትንፋሽ ስታወጡ አንብቡ። ያረጀ የጨርቅ ሜትር ስለሚሳብ አትመኑት። ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ከደረሰ ለሐኪም ንገሩ።

የቀን ኢንሱሊናችሁንም ደምሩ። በኪሎ ከ1 ዩኒት ካለፈ ሰውነት መድኃኒቱን እየተቋቋመው ሊሆን ይችላል። እኔ 74 ኪሎ ሆኜ 78 ዩኒት ደርሼ ነበር።

የእኔን ወገብ ያሰፋው ፍርሃት ነው። ከራት በፊት የምወጋው ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን የሚበረታው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። አንድ ሌሊት ስኳሬ ወርዶ፣ ልብሴ በላብ ርሶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ማድ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስኳር በእፍኝ ቃምኩ። ከዚያ ወዲህ ሳይወርድብኝም በየማታው ዳቦ በማር በልቼ እተኛ ጀመር። ጠዋት ስኳሬ 260 ይሆናል፤ መጠኑ ይጨመርልኛል፤ ሌሊት ይወርዳል፤ እንደገና እበላለሁ።

የአንድ ሳምንት የሌሊት 8 ሰዓት ልኬቴን ጽፌ ስወስድ፣ ሐኪሜ የማታውን ቀንሶ ወደ መኝታ ሰዓት አዛወረልኝ። ዳቦው ቀረ። አሁን ከ70 ሲወርድ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ 15 ደቂቃ ጠብቄ እለካለሁ፣ ካልወጣ እደግማለሁ። ያቺ 15 ደቂቃ ረጅም ናት፤ ያገኙትን ሁሉ ብሉ ብሉ ትላለች። ታገሷት።

መርፌ የምትወጉበትን ቦታም ዳብሱ። እምብርቴ አጠገብ ጠጠር ያለ እብጠት ነበረኝ፤ ስለማያመኝ እዚያው እወጋ ነበር። ከእብጠቱ ውስጥ ኢንሱሊኑ እንደልቡ አይሰራጭም። ሁልጊዜ የጣት ስፋት ያህል ፈቀቅ በሉ። ግን ወደ ጤነኛው ቆዳ ስትዛወሩ ያው መጠን ሊበረታባችሁ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ ቶሎ ቶሎም ለኩ።

እንጀራ አልተውኩም፤ ሁለቱን አንድ አደረግኩ፣ ኢንሱሊኑም አብሮ ተስተካከለ። በጾም የሚጎዳኝ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ነበር፤ አሁን በማንኪያ ለክቼ ነው የምጨምረው። ከምሳ በኋላ ከረሜላ በኪሴ ይዤ በብሎኮቹ መሀል 30 ደቂቃ እራመዳለሁ። ሲመሽ ጅብ ስለሚወጣ ለማታ አላቆየውም።

ለመክሳት ብላችሁ ግን ኢንሱሊን እንዳትዘሉ። በአንድ ሁለት ቀን ደም አሲድ ሆኖ ይገድላል።

በስኳር ደብተሬ ላይ የወገብ መስመር ጨምሬያለሁ። በየወሩ መጀመሪያ እሞላዋለሁ። የዚህ ወር 88 ነው፣ ኢንሱሊኑ 61።