አሳ ሚወጣበትን ወንዝ እንዴት እንጠብቅ? ለጀማና ለወንጪት አካባቢ ልጆች

ውሃ ሁሌም ቁልቁል ነው ሚሄደው፣ ክረምት ላይ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ለም አፈሩን ጠራርጎ ጀማ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል ከዛ አባይ። ምግብ ወደ ላይ ይዘው ከሚመለሱት ጥቂት ነገሮች አንዱ እንቁላል ሊጥል ሽቅብ ሚወጣ አሳ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም።

በደንብ የተጠናው አላስካና ካናዳ ነው። እዛ ሳልመን ሚባለው አሳ ከክብደቱ 95 ፐርሰንት በላይ ሚሆነውን ባህር ላይ በልቶ ያመጣና የተወለደበት ወንዝ ገብቶ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል፣ ድብ ጎትቶ ጫካ ወስዶ ግማሹን በልቶ ይተወዋል፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ አፈር ይገባል። ከባህር የመጣው ናይትሮጅን ወንዝ ዳር ባሉ ዛፎች እንጨት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል!

የኛ እንደዛ አይሞትም። ጣና ውስጥ ካለው ላቢዮባርበስ ሚባል አሳ አንዳንዱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገቡት ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥቶ እንቁላሉን ጥሎ ይመለሳል፣ ሚተወው እንቁላሉንና ኩሱን ነው። ያም ቢሆን ለወንዙ ምግብ ነው፣ እንቁላሉን ሌላ አሳና ነፍሳት ይበሉታል፣ ኩሱ ድንጋይ ላይ ያለውን አረንጓዴ ያሳድገዋል።

እሺ ምን እናርግ? መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። በበጋ ውሃው ሲጎድል ሂዱና ጠጠር የበዛበት፣ ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው ፈጠን ብሎ ሚወርድበትን ፈልጉ። አንድ ድንጋይ ገልብጡ፣ ከስሩ ሚርመሰመሱ ትንንሽ ነፍሳት ካሉና በጠጠሩ መሃል ደለል ካልሞላ ጥሩ ቦታ ነው፣ ድንጋዩን እንደነበረ መልሱት። ክረምት ላይ ግን እዛ አትግቡ፣ እንቁላሉ ጠጠሩ ውስጥ ነው ሚቀመጠው።

ትልቁ ነገር መረብ ነው። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ሽቅብ ሚሄደውን መያዝ ማለት እናቲቱንም ሺ ልጆቿንም ለላይኛው ወንዝ ሚሄደውን ምግብም ባንዴ መውሰድ ነው። ማጥመድ ካለባችሁ ጥለው ሲመለሱ ይሁን። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን ደግሞ በየትኛውም ወር አይሆንም፣ ጫጩቱንም ነፍሳቱንም ነው ሚጨርሰው።

ጠጠርና አሸዋ ሚጭን መኪና ከመጣም ከለያችሁት ቦታ ራቅ እንዲል ከቀበሌ ጋር ተነጋገሩ። ለመስኖ የተጠለፈውን የድንጋይ ክትር በተመለከተ የውሃ አባቱን አናግሩት፣ ክረምት ሲገባ መሃሉን ቢከፍትላችሁ አሳው ያልፋል፣ ለመስኖም ያኔ ውሃው አይፈለግም። ኮንክሪት ሊሆን ከታሰበ ግን ገና ዲዛይን ላይ እያለ ማለፊያ ይተውለት ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተገነባ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው።