በብርድ ወራት ቆሮሶ አልበላ ሲል፦ ለቢሾፍቱ ሐይቆች አጥማጆች ችግርና መፍትሔ

ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በሆራና በባቦጋያ ዳርቻ ዘንግ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አይበላም። ብዙዎቹ ወዲያው የሚቀይሩት በመንጠቆው ላይ ያለውን ምግብ ነው፤ ከትል ወደ ሊጥ፣ ከሊጥ ወደ ዳቦ። እኔ ግን በእነዚህ ወራት መጀመሪያ መጠርጠር ያለባቸው ሰዓቱና የተቀመጡበት ዳርቻ ናቸው ባይ ነኝ።

ማለዳ ምንም አይነካም

ቆሮሶ ሞቃት ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ በግልጽ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ይተዋል ማለት ይቻላል። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ደመና ስለሌለው የሐይቁ ገጽ ሙቀቱን ሲለቅ ያድራል፤ ከቀኑ ሁሉ የሚበርደውም ንጋት ላይ ነው። በዚያ ላይ ቆሮሶ በቀን ብርሃን የሚመገብ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይድከሙ። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ጊዜ ይጠቀሙበት።

ሰዓቱ ደህና ነው፤ ዓሣው ግን የለም

ሁለቱም ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዙሪያቸው ገደል ነው። ጠዋት ምሥራቃዊው ዳርቻ በገደሉ ጥላ ሥር ሲቆይ ምዕራቡ ቀድሞ ይሞቃል፤ ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡባዊው ዳርቻ ከሁሉም የበለጠ ጥላ ይወድቅበታል።

ከጥላው ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነፋሱን ነው። ነፋስ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ፣ በውስጡ ካለው አልጌ ጋር፣ ገፍቶ በአንድ ዳር ያከማቸዋል፤ በተቃራኒው ዳር ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይተካል። ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መወርወር ስለሚቀል አብዛኛው አጥማጅ የሚመርጠው ይህንኑ ቀዝቃዛ ዳር ነው። በውሃው ላይ ያለው አረፋ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱና ተከትለውት ይሂዱ። ነፋሱ ፊትዎን ይመታዎታል፤ ይቻሉት፣ ዓሣው ያለው እዚያ ነው።

ቡሹ ይነቃነቃል፤ ሲስቡት ባዶ ነው

የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው። በብርድ ጊዜ ምግቡን ነጥቆ አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ አፉ ውስጥ ያስገባውና ይተፋዋል። ተንሳፋፊው ቡሽ ጭልጥ ብሎ እስኪሰምጥ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ቡሹ ወደ ጎን ዘንበል ካለ፣ ወይም ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ጋደም ካለ፣ ያን ጊዜ ይሳቡ። መንጠቆው ቁጥር 10 ወይም 12 ይሁን፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይበሉ። ክሩም 0.20 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ክሩን ወደ ታች የሚስበውን የእርሳስ ብረት ክብደት የቡሹ ጫፍ ብቻ እስኪታይ ያስተካክሉ፤ ከትሉም ትንሽ ቁራጭ ብቻ ያድርጉ።

አንድ ሁለት ተያዘ፤ ከዚያ ጸጥ አለ

ቡሹን በክሩ ላይ በግማሽ ሜትር ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሌላ ጥልቀት ይሞክሩ። ያ ካልሠራ ከያዟቸው አንዱን ሆዱን ከፍተው ይዩ። የቆሮሶ አንጀት ቀጭንና የተጠማዘዘ ነው፤ ሲዘረጋ ከዓሣው ርዝመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ የተያዘ ዓሣ አንጀት በአረንጓዴ ለስላሳ ዝቃጭ ከተሞላ ዓሣው እየበላ ነው፤ የሚበላው ግን አልጌ ነው። ምግቡን የመቀየር ተራ አሁን ደረሰ። ከድንጋይ ላይ ክር መሰሉን አረንጓዴ አልጌ ልጠው በመንጠቆው ላይ ይጠቅልሉ። አንጀቱ ባዶ ከሆነ ግን ዓሣው ገና አልሞቀውም፤ ሌላ ፀሐያማ ቀን ይጠብቁ።

ዓሦች ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የተራቡ መስሎት መንጠቆ የሚወረውርላቸው ሰው አለ። ባቦጋያ እስከ 65 ሜትር ይጠልቃል። በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ኦክስጅን የሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ተለያይተው ይኖራሉ። በብርድ ወራት የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ነፋሱም ያግዘዋል፤ የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣውን ያፍነዋል። አንዳንዴ የውሃው ቀለም ይለወጣል፤ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታም ሊኖር ይችላል። ሰው መርዝ ተጨመረ ብሎ ይደነግጣል፤ ሐይቁ ራሱ ግን ይህን ማድረግ ይችላል።

እዚህ ላይ መፍትሔው ዘንግን መሰብሰብ ነው። የሞተውን ዓሣ ለቅሞ መብላትም መሸጥም አይገባም፤ ምክንያቱን የሚያጣራው ባለሙያ ስለሆነ ለአካባቢው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። በእነዚያ ቀናት አምባዛ ቢያዝ ውሃው ተሻሽሏል ማለት አይደለም፤ አምባዛ ከላይ አየር መሳብ ስለሚችል ቆሮሶ የማይችለውን ይቋቋማል። በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ንጋት ላይ ስለሆነ፣ ዘንግ ሳይዙ በማለዳ ወርደው ገጹን ይመልከቱ። ተከታታይ ጥቂት ንጋቶች አየር የሚማግ ቆሮሶ ካልታየ ወደ ማጥመድ መመለስ ይቻላል።